ነጭ ሆኖ የሚወርደው ውሃ ክሎሪን አልበዛበትም

በሰሜን ሸዋ ከተሞች የመጠጥ ውሃ ጥራት ስመረምር አንድ አቤቱታ እስኪሰለቸኝ ሰምቻለሁ፤ «ክሎሪኑን አብዝታችሁት ውሃው ወተት መስሎ ወረደ» የሚለውን። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ መስመሩ ውስጥ የገባው አየር በግፊት ከውሃው ጋር ይዋሐዳል፤ ቧንቧው ሲከፈት በጥቃቅን አረፋ መልክ ስለሚለቀቅ ውሃውን ያነጣዋል። ለመጠጥ ውሃ የሚጨመረው የክሎሪን መጠን ግን ቀለም አይሰጥም። ይህን ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም፤ በብርጭቆ የተቀዳው ውሃ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፤ ከሥሩ የሚዘቅጥ ነገር ካለው ግን ደለል ነውና ለውሃ አገልግሎቱ ማመልከት ይገባል።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንዲት እናት በዚህ እምነት የቧንቧውን ውሃ እየደፉ ልጆቻቸውን ወደ ምንጭ ይልኩ ነበር። ብርጭቆውን ረከቦቱ ጫፍ ላይ አኖርኩት፤ አቦሉ ሳይቀዳ ጠራ። ከዚያ ከቧንቧው አዲስ ውሃ ቀድቼ ዲፒዲ የተባለውን እንክብል ጨመርኩበት፤ ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ያ ውሃ ግን ቀለሙን አልለወጠም። በዛ የተባለው ክሎሪን ጨርሶ አልነበረም። «ታዲያ ልጄ፣ ለምን አልጨመራችሁበትም?» አሉኝ፤ ከዚያን ቀን በፊት ማንም ያላቀረበልኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ቧንቧው ጋ የሚደርሰው ቀሪ ክሎሪን፣ ማለትም ጀርሞችን ከገደለ በኋላ የሚተርፈው፣ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቢሆን ይመረጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 5 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ የሚያሳስበኝ ማነሱ ነው፤ ግፊት ሲወድቅ በተሰነጠቀ መጋጠሚያ በኩል ከአፈሩ ቆሻሻ ውሃ ይሳባል፣ በማጠራቀሚያው ጋን የተጨመረውም ክሎሪን እርሱን ሲዋጋ ያልቃል። እናም ውሃ ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያውን ለእጥበት አድርጉት፤ ጄሪካኑን እጠቡ፣ ክደኑ፣ ኩባያ አትንከሩበት። ለሕፃን የምታፈሉ ደግሞ ገና መንተክተክ ሲጀምር አታውርዱት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ሦስት ደቂቃ ማቆየቱ አይከፋም።

«የምንጭ ውሃ ንጹሕ ነው» ለሚሉ፦ መለኪያው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ አንድም አለመገኘቱ ነው፤ ይህም በዓይን አይታይም።

«ታሪፉ ግብር ነው» የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ለፓምፕ መብራት፣ ለክሎሪንና ለጥገና የሚውል የአገልግሎት ክፍያ ነው።

«በግቢዬ የቆፈርኩት ጉድጓድ የግሌ ነው» የሚለው ደግሞ ከሕጉ ጋር ይጋጫል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የከርሰ ምድሩንም ሆነ የገጸ ምድሩን ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ለእጅ ጉድጓድ ሳይቀር ፈቃድ ያስፈልጋል እያሉ የሚያስፈራሩም ተሳስተዋል፤ ይኸው አዋጅ በእጅ የሚቆፈረውን ከፈቃድ ነፃ አድርጎታል። በቅርቡ ያየሁት አንድ ጉድጓድ ከሽንት ቤቱ የሚርቀው 12 እርምጃ ነበር፤ ባለቤቱ ደጋግመው የጠየቁኝ ግን ስለ ፈቃዱ ብቻ ነው።