ፒዩፒሌጅ ምንድን ነው? ክሪሚናል ባሪስተር ለመሆን ለሚያመለክቱ

ፒዩፒሌጅ ማለት ባጭሩ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ባሪስተር (ችሎት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ) ለመሆን የመጨረሻው የስልጠና ዓመት ነው። ዲግሪ አለ፣ ባር ኮርስ አለ፣ ከዛ ይሄ። ኮርሱን ጨርሳችሁ ኢናችሁ (አባል የሆናችሁበት የባሪስተሮች ማኅበር) "ኮል" ሲያደርጋችሁ፣ ማለትም ማዕረጉን ሲሰጣችሁ፣ በስም ባሪስተር ተብላችኋል፣ ቤተሰብም ፎቶውን ሳሎን ይሰቅለዋል፣ ግን ፒዩፒሌጅ ሳትሰሩ እንደ ባሪስተር ለደንበኛ ችሎት መቆም የለም። ችግሩ ደግሞ ኮርሱን ከፍሎ የሚገባ ሰው ብዙ ነው፣ በዓመት ከ2000 በላይ ሰው ይጀምረዋል፣ የፒዩፒሌጅ ቦታ ግን በሁሉም የህግ ዘርፍ ተደምሮ ከ500 እስከ 600 አካባቢ ነው። ስለዚህ ዋናው ማጣሪያ ኮርሱ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው።

አገር ቤት ጠበቃ ጠበቃ ነው፣ ደንበኛውን የሚያነጋግረውም ችሎት የሚቆመውም ያው አንድ ሰው ነው። እዚህ ስራው ለሁለት ተከፍሏል፣ ሶሊሲተሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ደንበኛውን ያገኛል፣ ፋይሉን ይይዛል፣ ከዛ ክርክሩ ላይ ባሪስተር ይቀጥራል (ሶሊሲተርም ይከራከራል በተለይ ማጅስትሬት ጋ፣ ቀለል ያሉ ክሶች በሚታዩበት ፍርድ ቤት ማለት ነው፣ ግን ዋናው ክፍፍል ይሄ ነው)። አብዛኞቹ ባሪስተሮች የማንም ተቀጣሪ አይደሉም፣ ለራሳቸው ነው የሚሰሩት፣ ቼምበርስ የሚባል ቦታ ላይ ተሰባስበው ቢሮና ክለርክ ይጋራሉ። ክለርክ ስትሉ ጸሐፊ እንዳይመስላችሁ፣ ስራ አምጥቶ ማን የት እንደሚሄድ የሚያከፋፍለው ሰውዬ እሱ ነው፣ በጣም ትልቅ ሰው ነው።

12ቱ ወር ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ስድስት ወር ሱፐርቫይዘራችሁን እየተከተላችሁ ታያላችሁ፣ ጥናት ትሰራላችሁ፣ ረቂቅ ትጽፋላችሁ። ሁለተኛው ስድስት ወር ላይ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣችሁና የራሳችሁን ጉዳይ ይዛችሁ ችሎት ትቆማላችሁ። ኮሜርሻል (የንግድ ጉዳይ) የሚሰሩ ቼምበርሶች ጋ ሰልጣኙ ሁለተኛውንም ስድስት ወር አብዛኛውን ወረቀት ላይ ሊያሳልፈው ይችላል፣ ክሪሚናል ላይ ግን ከሁለተኛው ስድስት ወር የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ ለብቻችሁ ናችሁ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል።

ያ ቀን ምን እንደሚመስል ካልገባችሁ ማመልከቻው ለምን እንደዛ እንደሚጠየቅ አይገባችሁም፣ ስለዚህ እስቲ እንየው። አመሻሽ ወደ 12 ሰዓት ላይ (በኛ አቆጣጠር) ክለርኩ ኢሜይል ይልካል፣ ነገ ጠዋት ለንደን ሃይበሪ ኮርነር ማጅስትሬትስ ኮርት፣ የድብደባ ክስ፣ ሙሉ ትራያል (ምስክር የሚሰማበት ክርክር)። ማታ ፋይሉን ስታነቡ የሱቅ ካሜራ ቪዲዮ አለ ይላል ግን ቪዲዮው አልተላከም። ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳላችሁ፣ ደንበኛው ወይ አልመጣም ወይ ምድር ቤት ሴል ውስጥ ነው፣ ዐቃቤ ህጉ የዛን ቀን የብዙ ሰው ፋይል ይዞ ነው የመጣው፣ ቪዲዮውስ ስትሉት "ቆይ ልየው" ይላል፣ የግል ተበዳይዋ መጥታ ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች፣ የችሎቱ ሊጋል አድቫይዘር (ማጅስትሬቶቹን ህጉ ላይ የምታማክረው) ወጥታ ዝግጁ ናችሁ ወይ ትላለች፣ እዛች ደቂቃ ላይ ጉዳዩ ይቀጠርልኝ ትላላችሁ ወይስ ያለ ቪዲዮ ትገቡበታላችሁ? ሱፐርቫይዘራችሁ ሌላ ከተማ ክራውን ኮርት (ከባድ ወንጀል የሚታይበት ፍርድ ቤት) ችሎት ላይ ነው፣ ስልኩ ጠፍቷል። ፊታችሁ የተቀመጡት ሦስት ማጅስትሬቶች ደግሞ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ህግ ያልተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ዊግም የለም ካባም የለም፣ ሱፍ ልብስ ለብሳችሁ ቆማችሁ ነው።

የማመልከቻ ቅጻችሁን የሚያነቡት ባሪስተሮች ይሄን ቀን ሁሉም አልፈውበታል። በሆዳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፣ ይሄን ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ለብቻው ልከነው እኛ ተረጋግተን ስራችንን እንሰራለን ወይ? በቃ። የቀረው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

ማመልከቻው በብዛት የሚገባው ፒዩፒሌጅ ጌትዌይ በሚባለው በባር ካውንስል (የባሪስተሮቹ ማኅበር) ሲስተም በኩል ነው። ኖቬምበር መጨረሻ አካባቢ ማስታወቂያዎቹ ይታያሉ፣ ጃንዋሪ መጀመሪያ ቅጹ ይከፈታል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይዘጋል፣ ኢንተርቪው በማርችና ኤፕሪል፣ ኦፈር ሜይ ላይ። በጌትዌይ እስከ 20 ቼምበርስ ድረስ ማመልከት ይቻላል፣ ሃያውንም መሙላት አለብኝ ማለት ግን አይደለም፣ አንዱን ቅጽ ኮፒ ፔስት አድርጎ ሃያ ቦታ የላከ ሰው ሃያውም ጋ ይታወቅበታል። የዐቃቤ ህግ ቢሮው ሲፒኤስም ፒዩፒሌጅ አለው፣ ደመወዝተኛ ትሆናላችሁ፣ ማስታወቂያውን ራሱ ያወጣል፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ቅጹ ላይ ሁሌም ያለች ጥያቄ አለች፣ ለምን ክሪሚናል ባር? እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው የሚወድቀው። "ለፍትህ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥልቅ ፍቅር አለኝ፣ ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ መሆን እፈልጋለሁ" ምናምን። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ከእናንተ በፊት የተነበቡት ብዙ ቅጾችም ይሄንኑ ብለዋል፣ ስለ እናንተ ምንም አይናገርም። ለምሳሌ እንዲህ ቢጻፍስ፦ "ስኔርስብሩክ ክራውን ኮርት ሚኒ ፒዩፒሌጅ ላይ ሳለሁ ባሪስተሯ የዓይን ምስክሩን አራት ጥያቄ ብቻ ጠይቃ ተቀመጠች፣ ያዘጋጀችው ግን ሁለት ገጽ ነበር። በኋላ ስጠይቃት ምስክሩ የመንገዱ መብራት እንዳልነበረ ካመነ ወዲያ ሌላ ጥያቄ መጨመር የማብራራት እድል መስጠት ነው አለችኝ።" ይሄን የጻፈ ሰው ችሎት ቁጭ ብሎ ያየ፣ ያየውን የተረዳ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ብዙ ማውራት እንዳልሆነ የገባው ሰው ነው፣ ፍቅር አለኝ ማለት ሳያስፈልገው።

ሚኒ ፒዩፒሌጅ ያልኩት ለጥቂት ቀን ባሪስተር እየተከተሉ ማየት ነው፣ ቼምበርሶች ራሳቸው ማመልከቻ ይቀበሉበታል። ካላገኛችሁ ችሎት ለህዝብ ክፍት ነው፣ ታዋቂው የለንደን የወንጀል ፍርድ ቤት ኦልድ ቤይሊም ሆነ ሰፈራችሁ ያለው ማጅስትሬትስ ኮርት ገብታችሁ ሕዝብ የሚቀመጥበት ጋ ቁጭ ማለት ትችላላችሁ፣ በነጻ፣ ማንም ለምን መጣህ አይላችሁም።

አንድ ነገር ለሐበሻ ልጆች ልበል። ብዙዎቻችሁ በአስር በአስራ ሁለት ዓመታችሁ ለእናታችሁ ካውንስል ቢሮ፣ ጂፒ ጋ፣ ለሆም ኦፊስ ደብዳቤ ስታስተረጉሙ ያደጋችሁ ናችሁ። ይሄን ቅጹ ላይ ለመጻፍ ታፍራላችሁ ወይ ደግሞ የሚያሳዝን ታሪክ አድርጋችሁ ትጽፉታላችሁ። ሁለቱም አይሆንም። የተናደደ ባለስልጣንና የተጨነቀች እናት መሃል ቆሞ የሁለቱንም ቃል ሳያዛባ ማስተላለፍ ከዚህ ስራ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ችሎታ ነው፣ አንድ የተለየ ቀን ምረጡ፣ ምን ነበር ጉዳዩ፣ ምን አላችሁ፣ ምን ተለወጠ፣ በሦስት አራት መስመር ጻፉት በቃ።

ኢንተርቪው ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠበቃል፣ አንዱ የአድቮኬሲ ልምምድ ነው፣ ወይ የቅጣት ማቅለያ ወይ የዋስትና ጥያቄ። ዋስትናውን እንውሰድ፣ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ ትንሽ ደቂቃ ትዘጋጃላችሁ፣ ደንበኛችሁ በቤት ሰብሮ ስርቆት ተከሷል፣ ከዚህ በፊት አንዴ ቀጠሮ ቀርቷል፣ አሁን ግን እናቱ ቤት መኖር ይችላል። ልምድ የሌለው ሰው "ጥሩ ልጅ ነው፣ እናቱ ትወደዋለች" ብሎ ይጀምራል፣ የቀረችዋን ቀጠሮ ላለማንሳት ይሸሻል። ፓነሉ የሚጠብቀው ግን እሷኑ ነው። የ1976ቱ የቤይል አክት (የዋስትና ህጉ) ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፣ ዋና ዋናዎቹ ቀጠሮ አይመጣም፣ ሌላ ወንጀል ይሰራል፣ ምስክር ያባብላል ወይ ያስፈራራል የሚሉት ናቸው። ስለዚህ "ቀጠሮ መቅረቱን አልክድም፣ ያኔ ቋሚ አድራሻ አልነበረውም፣ ዛሬ አለው፣ እናቱ ቤት እንዲያድር፣ የሰዓት እላፊ ገደብ በኤሌክትሮኒክ ታግ፣ በሳምንት ሦስቴ ፖሊስ ጣቢያ እንዲፈርም" እያላችሁ እያንዳንዱን ስጋት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ትዘጋላችሁ፣ ከዛ ትቀመጣላችሁ። አጭር ይሁን። ዳኛ ሆኖ የሚተውነው ሰውዬ መሃል ላይ ሲያቋርጣችሁ ደግሞ መልሱለት እንጂ "እሱ ላይ እደርሳለሁ" አትበሉ፣ ይሄ በጣም ያናድዳቸዋል።

ሁለተኛው የስነምግባር ጥያቄ ነው፣ ሁሌ የምትመጣዋ ደንበኛው "አዎ እኔ ነኝ ያደረኩት፣ ግን አልፈጸምኩም ብዬ እከራከራለሁ" ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ የምትለዋ ናት። ሁለት የተሳሳተ መልስ አለ፣ "ትቼው እሄዳለሁ" እና "እኔ ምን አገባኝ እከራከራለሁ"። ትክክለኛው መሃል ላይ ነው። የነገራችሁ ሚስጥር ነው፣ ለማንም አትናገሩም። በጊዜ ካመነ ቅጣቱ እስከ አንድ ሦስተኛ እንደሚቀነስለት ትመክሩታላችሁ። እምቢ ካለ ልትቀጥሉለት ትችላላችሁ፣ ማስረዳት የዐቃቤ ህግ ሸክም ስለሆነ ማስረጃው በቂ ነው ወይ ብላችሁ ትሞግታላችሁ፣ ግን "እዛ አልነበረም" ብላችሁ ልትሉ አትችሉም፣ ምስክር ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁም ልታዋሹት አትችሉም፣ ፍርድ ቤቱን ማሳሳት ክልክል ነው። እዋሻለሁ ብሎ ከጸና ጉዳዩን ትለቃላችሁ፣ ለምን እንደለቀቃችሁም አታብራሩም።

ስለ ብር እናውራ ምክንያቱም ማንም በግልጽ አይነግራችሁም። ፒዩፒሌጅ ያለ ክፍያ ማሰራት አይቻልም፣ ዝቅተኛው በ2024 ለንደን 23,078 ፓውንድ፣ ከለንደን ውጪ 21,060 ነበር፣ በየዓመቱ ይታያል። ትላልቅ ኮሜርሻል ቼምበርሶች ለዛው 12 ወር ከ75,000 በላይ ይከፍላሉ፣ ክሪሚናሎቹ ብዙዎቹ ዝቅተኛው አካባቢ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ አብዛኛው የወንጀል ተከሳሽ የሚከራከረው በሊጋል ኤይድ፣ ማለትም መንግስት በሚከፍለው የጠበቃ ክፍያ ነው፣ ታሪፉ ደግሞ ለዓመታት ሲሸረሸር ነው የኖረው፣ በ2022 ባሪስተሮቹ ስራ አቁመው ኦክቶበር ላይ በ15 በመቶ ጭማሪ የተመለሱት ለዚህ ነው። ማጅስትሬት ጋ ለምትሰሩት ደግሞ ሊጋል ኤይዱ የሚከፈለው ለሶሊሲተሩ ነው፣ እናንተ ከሱ ትጠብቃላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ አልኩ እንግዲህ። የባቡሩን ከኪሳችሁ ከፍላችሁ የሄዳችሁበት ችሎት ተቀጥሮ ባዶ እጅ መመለስም አለ። ስራ ግን አይጠፋም፣ ክራውን ኮርት ላይ የተከማቸው መዝገብ ከ70 ሺህ አልፏል።

ባር ኮርሱ ራሱ እንደየትምህርት ቤቱ ብዙ ሺህ ፓውንድ ያስወጣል፣ ስለዚህ ስኮላርሺፕ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። ስኮላርሺፑን የሚሰጡት አራቱ ኢኖች ናቸው፣ ሊንከንስ ኢን፣ ግሬይስ ኢን፣ ኢነር ቴምፕል፣ ሚድል ቴምፕል፣ ከአራቱ አንዱ ጋ አባል መሆን ግዴታ ነው (በድሮው ስርዓት እራት መብላትም የስልጠናው አካል ነበር፣ አሁንም አለ፣ ሌክቸርና ልምምድ ተጨምሮበት)። የስኮላርሺፑ ማመልከቻ ኮርሱ ከሚጀመርበት ዓመት በፊት ባለው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል፣ ይሄ ቀን ያለፈው ሰው አንድ ዓመት አለፈው ማለት ነው። እኔ ብሆን ስኮላርሺፕ ወይ ፒዩፒሌጅ በእጄ ሳይገባ ያን ሁሉ ብር አልከፍልም፣ ፒዩፒሌጁን ከኮርሱ በፊት ማመልከት ይቻላልና።

ሜይ ላይ ኦፈር ያላገኘ ብዙ ነው፣ ሁለቴ ሦስቴ አመልክቶ የገባም ብዙ ነው፣ ኮርሱን ከጨረሳችሁ በኋላ ፒዩፒሌጁን ለመጀመር አምስት ዓመት አላችሁ። መሃሉን ክሪሚናል ሶሊሲተር ቢሮ ፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ሆኖ ወይ የፖሊስ ጣቢያ ሬፕረዘንታቲቭ ሆኖ መስራት በኔ አስተያየት ከሌላ ማስተርስ ይበልጣል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተደውሎለት ጣቢያ ሄዶ የታሰረ ሰው "መልስ አልሰጥም በል ወይስ ተናገር" ብሎ መምከር የለመደ ሰው ለዛ የሃይበሪ ኮርነር ጠዋት አዲስ አይደለም።

አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ ህግ የተማራችሁ ደግሞ ዲግሪው በቀጥታ አያስገባችሁም፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮንቨርሽን ኮርስ (የእዚህን አገር ህግ የሚያስተምር) ትወስዳላችሁ፣ ጥብቅና ፈቃድ ኖሯችሁ የሰራችሁ ከሆነ ግን ባር ስታንዳርድስ ቦርድ (የባሪስተሮች ተቆጣጣሪ) ጋ አመልክታችሁ ከተወሰነው ስልጠና ነጻ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ቪዛውን በተመለከተ የስቱደንት ቪዛ ለራስ መስራትን ስለማይፈቅድ በሱ ፒዩፒሌጅ አይሰራም፣ ባር ካውንስል ራሱ ስፖንሰር የሚሆንበት ጊዜያዊ ቪዛ አለ፣ የኦፈሩ ደብዳቤ በደረሳችሁ ሳምንት ስለሱ ቼምበርሱን ጠይቁ።