ፕሎት አርመር ምንድን ነው?

ፊልም ስናይ ሁላችንም "አክተሩ አይሞትም" ብለናል። ጥይት ቢዘንብ፣ ሕንፃ ቢደረመስ፣ አክተሩ አይሞትም። ፕሎት አርመር የሚሉት ይሄንን ነው። ካራክተሩ የሚተርፈው ጎበዝ ስለሆነ ወይም ብልሃት ስላገኘ ሳይሆን፣ ደራሲው ለሚቀጥለው ክፍል ስለሚፈልገው ብቻ ሲሆን ማለት ነው።

ለሁለት ሰዓት ፊልም ይሄ ብዙም አይከብድም። ረጅም የፋንታሲ ተከታታይ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዓመታት ሙሉ ይዞ የሚያቆየን "ምን ይደርስበት ይሆን?" የሚለው ስጋት ነውና፣ አንዴ "ይሄ ሰውዬ ምንም አይሆንም" ካላችሁ በኋላ ሰይፍ ሲመዘዝ ስልካችሁን ታነሳላችሁ።

ጥሩ ማሳያው ስለ ዙፋን ሽኩቻ የሚተርከው የቴሌቪዥን ተከታታይ፣ ጌም ኦፍ ትሮንስ ነው። (ያላያችሁት ካላችሁ፣ ከዚህ በታች ማን እንደሚሞት እናገራለሁ።) በፈረንጆቹ 2011 ሲጀመር ፖስተሩ ላይ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ የሚታየው ኔድ ስታርክ ነበር። ዋናው ሰው እሱ ነው ብለን ተከተልነው። 9ኛው ክፍል ላይ አንገቱን ቀሉት። ሰው ለማስደንገጥ ብቻ አልነበረም ግን። የንግሥቲቱን ምስጢር ሲደርስበት ልጆቿን ይዛ እንድትሸሽ ቀድሞ ነገራት፣ ማመን የሌለበትን ሰው አመነ፣ የሠራው ሥራ ተከትሎ ደረሰበት። እኔ ተከታታዩን የወደድኩት እዚያ ጋ ነው።

ኋላ ላይ ይሄ ጠፋ። 6ኛው ሲዝን ላይ የኔድ ልጅ አርያ ሆዷን በተደጋጋሚ ተወግታ ውሃ ውስጥ ትወድቃለች፤ በሚቀጥለው ክፍል ከተማውን በሩጫ ታቋርጣለች። 7ኛው ላይ የንግሥቲቱ ወንድም ጄሚ ጥሩር እንደለበሰ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፤ በሚቀጥለው ክፍል ዳር ላይ ብቅ ይላል። በ2019 በወጣው 8ኛ ሲዝን፣ ከሙታን ሠራዊት ጋር በተደረገው የሌሊት ጦርነት፣ ሳምዌል ታርሊ የሚባለውን ካራክተር ሙታኑ ሲረባረቡበት እናያለን፤ ሲነጋ ግን በሕይወት አለ። ቴዎንና ጆራህ የሚባሉት ካራክተሮች እዚያ ሞተዋል፣ እውነት ነው። ግን ለመጨረሻው ክፍል የሚፈለጉት እነማን እንደሆኑ ገብቶን ስለነበር ለእነሱ መፍራት አልቻልንም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ተመልካች የሚወደውን ካራክተር መግደል ያስፈራል፣ ይሄ አንዱ ነው። እዚህ ግን ሌላም አለ። ተከታታዩ የተሠራው ከመጻሕፍት ነው፤ ግን የታተሙትን አልፎ ሄደ፤ 5ኛው መጽሐፍ የወጣው በ2011 ነበር፣ 6ኛው ደግሞ ተከታታዩ ሲያልቅም አልወጣም። ስክሪፕት ጸሐፊዎቹ ዋና ዋናውን መጨረሻ ከመጻሕፍቱ ደራሲ ሰምተዋል፤ መንገዱን መፈለግ ግን የእነሱ ፈንታ ሆነ። እኔ እንደማየው ሰዎቹን እየጎተቱ አደረሷቸው።

መፍትሔው ካራክተር መጨረስ አይመስለኝም። ያው ጄሚ 3ኛው ሲዝን ላይ ቀኝ እጁን ተቆርጧል። አልሞተም። ግን በሰይፉ የሚታወቅ ሰው ነበርና ከዚያ ወዲያ በግራ እጁ መታገል፣ መዋረድ፣ ራሱን እንደ አዲስ መመርመር ነበረበት። በአንጻሩ ሌላው ዋና ካራክተር ጆን ስኖው ተገድሎ፣ ከሞት ተነስቶ፣ ብዙም ሳይቆይ እንደ ቀድሞው ጦር ይመራል። መነሳቱን እቀበላለሁ፤ ያስከፋኝ ከሞት የተመለሰ ሰው ይሄን ያህል ሳይለወጥ መቅረቱ ነው።

መጨረሻውን መገመት ብቻውንም አያሰለችም። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የሚባለውን የፋንታሲ ልብ ወለድ ስታነቡ ክፉው ቀለበት መጥፋቱ እንደማይቀር ትጠረጥራላችሁ፣ ልክ ናችሁም። ቀለበቱን እሳት ውስጥ ሊጥል የተጓዘው ፍሮዶ ግን እሳቱ አፋፍ ላይ ደርሶ አልጥለውም ይላል፣ ጣቱን ያጣል፣ አገሩ ገብቶም እንደ ድሮው መኖር ያቅተዋል።

አሁን አዲስ ተከታታይ ስጀምር የማየው ይሄንን ነው፦ 3ኛው ክፍል ላይ እግሩን የቆሰለ ሰው 5ኛው ላይ ያነክሳል ወይ? ካላነከሰ ሌላ እፈልጋለሁ።