ከንግግር ሕክምና ጋር የሚጣመር የዮጋ ሕክምና ምንድን ነው?

«የዮጋ ሕክምና» የሚለው ስያሜ ምንጣፍ በተዘረጋበት ሁሉ መለጠፍ ከጀመረ ሰንብቷል። የጠዋት ማፍታቻውም፣ የትንፋሽ ልምምዱም፣ ለስላሳ ሙዚቃ ተከፍቶ ጋደም የሚባልበት ሰዓትም በዚሁ ስም ይጠራል። ችግሩ የስያሜው መላላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር፤ ዝም ለማለት ያላስቻለኝ ከስያሜው ጋር ተያይዞ የሚሰጠው ምክር ነው። በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ የሥነ ልቦና ጉዳት የሚኖረው በሰውነት ውስጥ ስለሆነ በንግግር አይወጣም፤ ስለዚህ ዮጋ የጀመረ ሰው ከሥነ ልቦና ባለሙያው ጋር የያዘውን የንግግር ሕክምና ቀጠሮ ቢያቋርጥ የሚጎድልበት ነገር የለም ብለው ጽፈው አነበብሁ። ይህንኑ ሐሳብ በተለያየ አገላለጽ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አንብቦ ቀጠሮውን የሚሰርዝ ሰው ስላለ ነገሩ በግልጽ መመለስ አለበት።

ዮጋ ራሱ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል ብዬ አልፈዋለሁ። የዮጋ ሕክምና ግን ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ የአንድን ሰው ሕመም፣ የሚወስደውን መድኃኒትና የአካሉን ሁኔታ ካጠና በኋላ፣ ከእንቅስቃሴው፣ ከትንፋሽ ልምምዱ፣ ከተመስጦውና ከዕረፍቱ ለዚያ ሰው የሚስማማውን መርጦ፣ መጠኑን ወስኖ፣ ለውጡን እየለካ የሚሰጠው እገዛ ነው። አብዛኛው የዮጋ አስተማሪ የሚመረቀው በ200 ሰዓት ሥልጠና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የዮጋ ቴራፒስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የሥልጠና መመዘኛ ግን ቢያንስ 800 ሰዓት ይጠይቃል። ይህን የምጠቅሰው የአስተማሪዎችን ሥራ ለማሳነስ አይደለም፤ ጤነኛ ሰዎችን በቡድን ማሠራት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ይሁን እንጂ የቡድን ክፍለ ጊዜ የሚነሣው አስቀድሞ ከተዘጋጀ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ሕክምናው የሚነሣው ፊት ለፊት ከተቀመጠው ሰው ነው።

ዋናው ጉዳይ ማጣመሩ ነው፤ ይህንንም እንደ ጥማድ በሬ የሚያስረዳልኝ ነገር አላገኘሁም። ሁለት በሬዎች በአንድ ማሳ ውስጥ ስለዋሉ ብቻ ማሳው አይታረስም፤ አንዱ በዚህ ጥግ፣ ሌላው በዚያ ጥግ ሣር ሲግጡ ሊውሉ ይችላሉ። እርሻ የሚሆነው ሁለቱ በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ፣ ቀንበሩም ከሞፈሩ ጋር ሲያያዝ ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ፣ ሐሙስ ደግሞ ዮጋ የሚሄድ ሰው ሁለት ጠቃሚ ነገሮችን ያደርጋል፤ ሁለቱ ባለሙያዎች አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ የማያውቁ ከሆነ ግን የተጣመረ ሕክምና እያገኘ ነው ሊባል አይችልም። ቀንበሩ የጋራ የሕክምና ዕቅድ ነው፦ ሕመሙ እንዴት እንደሚቀሰቀስና ምን እያቆየው እንደሆነ ሁለቱ የተስማሙበት አንድ ማብራሪያ፣ አንድ ግብ፣ በታካሚው ፈቃድ የሚደረግ የመረጃ ልውውጥ። አራሹ ማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ፣ ታካሚው ነው እላለሁ፤ ማሳው የእሱ ነው፤ ትልሙ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ ቆም እንደሚባልም የሚወስነው እሱ ነው።

ምሳሌውን ጥቂት ልግፋበት። ከበሬዎቹ አንዱ ከሌላው እየፈጠነ ከሄደ ትልሙ ይጣመማል። በተግባርም የዮጋ ባለሙያው ታካሚው ገና ሊሸከመው ያልቻለውን የሰውነት ስሜት ቸኩሎ ሲቀሰቅስ፣ የንግግር ሕክምናው ደግሞ ያንን ስሜት ለመቀበል ገና ሳይዘጋጅ ሲቀር፣ ታካሚው በመሀል ተወጥሮ ይቀራል፤ ብዙዎች ሁለቱንም ጥለው የሚሄዱት እዚህ ላይ ነው። ሌላም አለ። ለጋ ወይፈን ለሥራ የሚለማመደው እርሻ ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው። በአእምሮ ሕክምና ውስጥ የዮጋ ማስረጃ ገና ወይፈን ነው፤ ጉልበት አለው፣ ተስፋ ይጣልበታል፣ ብቻውን ግን አይጠመድም።

ወይፈን የምለው ከማስረጃው ተነሥቼ ነው። አስተያየት ሰጪው ለሐሳባቸው ድጋፍ ያደረጉት የአእምሮ ሐኪሙ ቤሰል ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙትን ጥናት ነው። ጥናቱን እኔም አከብረዋለሁ። በአሰቃቂ ክስተት ምክንያት ለረጅም ጊዜ የታመሙና ሕክምና ያልበገረው ሕመም ያለባቸው 64 ሴቶች በዕጣ ተመድበው፣ አንደኛው ምድብ ለ10 ሳምንታት በሳምንት አንድ ሰዓት ለጉዳታቸው የተመጠነ ዮጋ ሲሠራ፣ ሌላው የሴቶች ጤና ትምህርት ተከታትሏል። በመጨረሻም ከዮጋው ምድብ ከ31ዱ 16ቱ፣ ከትምህርቱ ምድብ ደግሞ ከ29ኙ 6ቱ የሕመሙን መመዘኛ የማያሟሉ ሆነው ተገኝተዋል። ለእንዲህ ያለ ሥር የሰደደ ሕመም ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ጥናቱ ገና ከርዕሱ ዮጋን የሚጠራው ተጨማሪ ሕክምና ብሎ ነው፤ የተወዳደረውም ከጤና ትምህርት ጋር እንጂ ከንግግር ሕክምና ጋር አይደለም። ስለዚህ ዮጋ ከንግግር ሕክምና ይበልጣል ወይም ይተካዋል የሚል መደምደሚያ ከዚህ ጥናት አይወጣም።

ሁለቱን በቀጥታ ያወዳደረ ጥናት የሚፈልግ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኅትመት የበቃውን የናኦሚ ሳይመንና የባልደረቦቻቸውን ሥራ ያንብብ። በዚያ ጥናት አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 226 አዋቂዎች በሦስት ተከፍለው ለ12 ሳምንታት አንዱ ምድብ ኩንዳሊኒ የተባለ የዮጋ ዓይነት፣ ሁለተኛው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የሚባለውን የንግግር ሕክምና፣ ሦስተኛው ስለ ውጥረት የሚሰጥ ትምህርት ተከታትለዋል። በሕክምናው ማብቂያ ጉልህ መሻሻል ያሳዩት ከዮጋው 54.2 በመቶ፣ ከአስተሳሰብና ባሕርይ ሕክምናው 70.8 በመቶ፣ ከትምህርቱ 33 በመቶ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናው ከትምህርቱ መብለጡን ሲቀጥል፣ የዮጋው ብልጫ ግን ጎልቶ የሚታይ አልነበረም። ይህ ውጤት ዮጋ አይጠቅምም አይልም፤ ከትምህርቱ የተሻለ መሆኑን በመጀመሪያዎቹ ወራት አሳይቷል። የንግግር ሕክምናን ትቶ ዮጋን ብቻ መያዝ ግን ምን እንደሚያሳጣ በቁጥር ያሳያል። ለፍትሐዊነት ያህል ልጨምር፦ ይህ ጥናት ሁለቱን አወዳደረ እንጂ አላጣመረም፤ ስለ ጥምረቱ ዋጋም ከዚህ ላይ ብዙ መናገር አይቻልም። በድባቴ በኩል፣ የካናዳ የስሜትና የጭንቀት ሕመሞች ሕክምና መረብ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ዮጋን ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ በሁለተኛ ደረጃ የሚመረጥ ተጨማሪ ሕክምና ብሎ አስቀምጦታል። እዚህም ላይ ዮጋ ተጨማሪ ነው።

ታዲያ ሁለቱ ሲጣመሩ በትክክል ምን ይሆናል? ልቡ በፍጥነት በመታ ቁጥር ልሞት ነው ብሎ የሚሸበር ሰው እናስብ። ከሥነ ልቦና ባለሙያው ጋር ይህን ፍርሃት በቃል ያወጣዋል፤ የልብ ምት መፍጠን ምን ማለት እንደሆነና ምን ማለት እንዳልሆነ ይመረምራል። ነገር ግን በወንበር ላይ ተቀምጦ የተመረመረ ሐሳብ፣ ልብ እየመታ እያለ ካልተፈተነ ብዙ ጊዜ ላይ ላዩን ይቀራል። የዮጋ ባለሙያው ይህን ስለሚያውቅ የልብን ምት ቀስ በቀስ ከፍ የሚያደርግ የቁም እንቅስቃሴ ይመርጣል፤ ታካሚው ምቱ ሲጨምር ያስተውላል፣ ሳይሸሽ ይቆያል፣ ምቱ በራሱ ጊዜ ሲወርድም ያያል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ወደ ንግግሩ ይዞት የሚመጣው ራሱ ያረጋገጠውን ነገር ነው። በአንጻሩ «ምን ይሰማዎታል?» ሲባል «ምንም» ብሎ የሚመልስ፣ ከደረሰበት ጉዳት የተነሣ ሰውነቱ የደነዘዘበት ሰው አለ። ለእሱ የእግሩ መዳፍ ወለሉን ሲነካ ያለውን ስሜት መለየት እንኳ የሳምንታት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ያ ስሜት ሲመለስ ግን የንግግር ሕክምናው የሚይዘው ጭብጥ ያገኛል። ሰውነትና ንግግር የሚመጋገቡት በዚህ መንገድ ነው፤ አስተያየት ሰጪው «በንግግር አይወጣም» ያሉት ነገር በሰውነት በኩል ብቅ ሲል፣ ትርጉም የሚያገኘው ተመልሶ ሲነገር ነው።

ለአሰቃቂ ጉዳት ታስቦ በዮጋ አስተማሪው በዴቪድ ኤመርሰን የተዘጋጀው የዮጋ አሠራር በግብዣ ቃል የሚመራው ያለምክንያት አይደለም። «እጅዎን ያንሡ» ከማለት «ከፈለጉ እጅዎን ማንሣት ይችላሉ» ይባላል፤ አስተማሪው የታካሚውን ሰውነት በእጁ እየነካ አያስተካክልም። በሰውነቱ ላይ ሌላው ያዘዘበትና ምርጫ የተነፈገ ሰው፣ በምንጣፉ ላይ እንደገና ሲታዘዝ የሚማረው ያንኑ የድሮውን ነገር ነው።

ስለ ትንፋሽም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ የተጋነነው እሱ ነው። ወደ ውጭ ስንተነፍስ የልብ ምት በትንሹ እንደሚቀንስ፣ በደቂቃ ወደ ስድስት ጊዜ ገደማ የሚደረግ ዝግ ያለ አተነፋፈስም በልብ ምቶች መካከል ያለውን መለዋወጥ እንደሚያሰፋ በሚገባ ይታወቃል። ከዚህ ተነሥቶ አንድ አተነፋፈስ ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሌሎች የውስጥ አካላት የሚወርደውን የቫገስ ነርቭ «ዳግም ያስተካክላል»፣ የቆየ ጉዳትንም ይፍቃል ማለት ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው እጅግ አልፎ መሄድ ነው። እንዲያውም በሽብር ሕመም (ፓኒክ) ሕክምና ውስጥ ትንፋሽ ራሱ እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ታካሚው የሚፈራውን ነገር ሆን ብሎ እንዲጋፈጥ በሚደረግበት ሰዓት ጭንቀቱ ብቅ ባለ ቁጥር ወደ ትንፋሽ ልምምዱ የሚሸሽ ከሆነ፣ «ያዳነኝ ትንፋሼ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ መማር የነበረበትን፣ ማለትም ጭንቀቱ ምንም ሳይደረግለትም እንደሚበርድ ሳይማር ይቀራል። ሁለቱ ባለሙያዎች ካልተነጋገሩ ይህን የሚያይ አይኖርም፤ አንዱ የሠራውን ሌላው እያፈረሰ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ሳልጠየቅ የምጨምረው የመድኃኒቱን ጉዳይ ነው። ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠውን ሊትየም የሚወስድ ሰው በሞቃት ክፍል ውስጥ ብዙ የሚያልብ ዮጋ ሠርቶ ፈሳሽ ከጎደለበት በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ወደ መርዛማነት ሊወጣ ይችላል። አንዳንድ የድባቴና የሳይኮሲስ (ሰው ከእውነታው የሚርቅበት ሕመም) መድኃኒቶች ከጎንበስ ወደ ቀና ሲሉ የደም ግፊትን በድንገት ስለሚያወርዱ፣ ፈጣን የአቀማመጥ ለውጥ ራስን ሊያስት ይችላል። በፍጥነት እየገፉ የሚተነፍሱባቸው ልምምዶች ለፓኒክ የተጋለጠን ሰው ሊያሸብሩ ይችላሉ፤ ሳይኮሲስ ወይም ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜት መጋል) ላይ ላለ ሰውም እነሱና ለሰዓታት የሚዘልቅ ተመስጦ አይመከሩም። ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላት ወደ ታች ከሚዘቀዘቅበት አቋም ይቆጠብ፣ የዓይን ውስጥ ግፊትን ይጨምራልና። የቡድን አስተማሪ ይህን ሁሉ የመጠየቅ ግዴታ የለበትም፤ የዮጋ ሕክምና እሰጣለሁ የሚል ሰው ግን አለበት።

በሌላው ወገን ያለውን ስሕተትም ሳልነካው አላልፍም። ታካሚያቸው ዮጋ መጀመሩን ሲሰሙ «ጥሩ ነው፣ ዘና ያደርግዎታል» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ የሚያልፉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሉ። ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደተሰማው፣ የቱ ልምምድ እንዳስፈራው መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚገኘው መልስ ግን በወንበሩ ላይ ብዙ ሳምንት የሚወስድ መረጃ ሊሆን ይችላል።

የተጣመረ ሕክምና እናገኛለን ለሚሉ ሰዎች የምሰጠው የመለያ ጥያቄ አጭር ነው፦ ሁለቱ ባለሙያዎች አንዱ የሌላውን ስልክ ቁጥር ያውቃሉ? በድባቴ ሕክምና በሰፊው የሚሠራበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ሰውየው ሞትን ይመኝ ወይም ራሱን መጉዳት ያስብ እንደሆነ ይጠይቃል። የዮጋ ባለሙያው ይህን መጠይቅ ራሱ የሚያስሞላ ከሆነ፣ ወይም ታካሚው ዕረፍት ላይ ጋደም ብሎ ሳለ ይህንኑ ሐሳብ በለሆሳስ ከተናገረ፣ ባለሙያው በዚያው ዕለት፣ በዚያው ሰዓት ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ታካሚውም ይህ እንደሚደረግ ከመጀመሪያው ቀን ተነግሮትና ተስማምቶበት መሆን አለበት።