አደጋው የሠራተኛው ጥፋት ነው? ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በግንባታ ሳይትም ሆነ በፋብሪካ አንድ ሠራተኛ ሲጎዳ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ሲያደርግ ነበር?» የሚል ነው። ሥራው እንዴት ታቅዶ፣ በማን ቁጥጥርና በምን ዓይነት መሣሪያ ይካሄድ እንደነበር የሚጠይቅ ሰው ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። ጥያቄዎቹ በዚህ ቅደም ተከተል የሚነሡት ከዚህ በታች ያሉት አመለካከቶች ሥር ስለ ሰደዱ ነው።

«ሊመጣ ያለ አደጋ አይቀርም»

ይህ አነጋገር ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ሲሆን የሚነቀፍ አይደለም፤ የአደጋ ምርመራ መደምደሚያ ሲሆን ግን ምርመራውን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል። በግንባታ ሥራ ላይ ሰው የሚገድሉት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ከከፍታ መውደቅ፣ የአፈር መናድ፣ የኤሌክትሪክ አደጋ፣ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪና ማሽን። ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ በድንገት የተናደ ቢመስልም፣ ግድግዳው ድጋፍ ሳይደረግለት ቀጥ ብሎ ተቆርጦ፣ የወጣው አፈር እዚያው አፋፉ ላይ ተከምሮ፣ በላዩም ዝናብ ሲዘንብበት ቢያድር ምን ሊከተል እንደሚችል ልምድ ያለው ፎርማን አስቀድሞ ያውቃል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ቶን ተኩል ገደማ ስለሚመዝን፣ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ከአፈሩ በላይ ቢሆንም እንኳ ትንፋሽ አጥሮት ሊሞት ይችላል። ግድግዳውን አጋድሞ ወይም በደረጃ መቁረጥ፣ መደገፍ፣ አፈሩን ከአፋፉ ማራቅና ጠዋት ሰው ከመግባቱ በፊት ጉድጓዱን መፈተሽ ከዕድል ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም።

«አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው በሠራተኛው ግድየለሽነት ነው»

በባለሙያዎች ዘንድም ሳይቀር በስፋት የሚታመነው ይህ ነው። አመለካከቱ የተጻፈ ታሪክም አለው። በአሜሪካ የመድን ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ኸርበርት ሃይንሪክ እ.ኤ.አ. በ1931 ከሥራ ላይ አደጋዎች 88 ከመቶ የሚሆኑት የሠራተኞች አደገኛ ድርጊት ውጤት ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ በሥልጠና መድረኮች ሁሉ ሲደጋገም ኖሯል። ሃይንሪክ የተመለከታቸው መዛግብት ግን በአብዛኛው የመድን ፋይሎችና የድርጅት ኃላፊዎች ያዘጋጇቸው ሪፖርቶች ነበሩ። የራሱን አሠራር ጥፋተኛ አድርጎ ሪፖርት የሚጽፍ ኃላፊ ደግሞ ብርቅ ነው።

አንድ የተለመደ አደጋ በቅርብ እንመልከት። በፎቅ ግንባታ ላይ ለሊፍት ወይም ለቧንቧ ማሳለፊያ የተተወ ክፍተት በፕላይውድ ይሸፈናል፤ ፕላይውዱ አልተቸነከረም፣ ከሥሩ ቀዳዳ መኖሩን የሚያሳይ ምልክትም የለበትም። ጣውላ ያጠረው አናጺ ያየዋል፤ በሁለት እጁ ያነሣውና ከፊቱ ይዞ ወደ ፊት ይራመዳል። የያዘው ጣውላ እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚጋርድበት፣ አሁን ራሱ በከፈተው ክፍተት ውስጥ ይገባል። ሪፖርቱ «ሠራተኛው ሳይጠነቀቅ ክዳኑን አንሥቶ» ይላል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ክዳኑ ለምን እንዳልተቸነከረ፣ በክፍተቱ ዙሪያ መከላከያ አጥር ለምን እንዳልተሠራ፣ አናጺውም ጣውላ ፍለጋ ለምን እንደተገደደ አይነግረንም። ሰው መሳሳቱ የማይቀር ስለሆነ ሥራው መደራጀት ያለበት አንድ ስሕተት ብቻውን ሕይወት እንዳያጠፋ ተደርጎ ነው።

አደጋውን ቀድሞ የሚያየው ሠራተኛው ራሱ የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው። በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ከመደርመሱ አንድ ቀን አስቀድሞ ግድግዳው መሰንጠቁ ታውቆ ነበር። በታችኛው ፎቅ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤት አሰናበተ፤ የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ገብተው እንዲሠሩ ታዘዙ። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚህ አደጋ ግድየለሽ የሚባለው ማን ነው?

«ሄልሜትና ሴፍቲ ጫማ ከታደለ በቂ ነው»

የግል መከላከያ መሣሪያ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን በቁጥጥር እርምጃዎች ቅደም ተከተል የመጨረሻው ነው። በመጀመሪያ አደጋውን ከነጭራሹ ማስወገድ ይሞከራል፤ ለምሳሌ ላይ ወጥቶ የሚገጣጠመውን ብረት መሬት ላይ ገጣጥሞ በክሬን ማንሣት። ያ ካልተቻለ አደገኛውን ነገር በሌላ መተካት፣ ቀጥሎ እንደ አጥርና የማሽን መሸፈኛ ያለ አካላዊ መከላከያ ማበጀት፣ ከዚያም የአሠራር ደንብና ሥልጠና ይመጣሉ። ብዙ ድርጅቶች ከታች የሚጀምሩት ሄልሜት ርካሽ ስለሆነና በፎቶግራፍም ስለሚታይ ይመስለኛል። የደኅንነት ቀበቶ ገዝቶ የሚታሰርበትን አስተማማኝ ቦታ አለማዘጋጀትም የተለመደ ነው፤ ከሚወዛወዝ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ጋር የታሰረ ቀበቶ መወጣጫው ሲወድቅ ሰውየውን አብሮ ይወስደዋል።

«የሥራ ፈቃድ ቅጽ የወረቀት ጣጣ ነው»

የሥራ ፈቃድ ቅጽ እንደ ጥገና ያለ አደገኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚፈረም ሰነድ ነው። በሰሜን ባሕር በነበረው ፓይፐር አልፋ የተባለ የነዳጅና ጋዝ ማምረቻ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1988 ቀን ላይ ከአንድ ፓምፕ ጋር የተያያዘ የደኅንነት ቫልቭ ለጥገና ተፈትቶ፣ ክፍት ቦታው ለጊዜው በክዳን ተዘግቶ ነበር። ይህ መረጃ ለሌሊቱ ተረኞች በሚገባ አልተላለፈም። ማታ ሌላው ፓምፕ ሲቆምባቸው፣ ተረኞቹ ቫልቭ የሌለውን ፓምፕ አስነሡ። ጋዝ አመለጠ፣ ፈነዳ፣ እሳቱም ተዛመተ፤ 167 ሰዎች አለቁ። ጉዳዩን የመረመሩት ሎርድ ከለን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ሪፖርት 106 ምክረ ሐሳቦችን ሲያቀርቡ የሥራ ፈቃድ ሥርዓቱንና የፈረቃ ርክክቡን በጥብቅ ተችተዋል።

ከዚህ የምንረዳው ቅጹ መኖሩ ብቻውን ምንም እንደማይፈይድ ጭምር ነው፤ ፓይፐር አልፋም ቅጽ ነበረው። ቢሮ ተቀምጠው የሚፈርሙት ፈቃድ፣ ሥራው የሚካሄድበትን ቦታ ሄዶ ያላየ ሰው ያወጣው ከሆነ፣ የተቺዎቹ ወቀሳ ትክክል ይሆናል።

«ለረጅም ጊዜ አደጋ ካልደረሰ ሥርዓቱ ጥሩ ነው»

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በነበረው ዲፕዋተር ሆራይዘን የነዳጅ መቆፈሪያ ላይ ከፍተኛ ኃላፊዎች ተገኝተው ነበር። ከጉብኝታቸው ምክንያቶች አንዱ መቆፈሪያው ሰባት ዓመት ያለ ከባድ የሥራ ላይ ጉዳት መሥራቱን ማመስገን ነበር። በዚያው ምሽት ጉድጓዱ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ፈነዳ፤ 11 ሠራተኞች ሞቱ። የጣት መቆረጥንና የእግር ወለምታን የሚቆጥር መዝገብ የጉድጓዱን ግፊት አይለካም። ከዚህም በላይ «ይህን ያህል ቀን ያለ አደጋ» የሚል ሰሌዳ ከጉርሻ ጋር ሲያያዝ ሠራተኛው ጉዳቱን መደበቅ ይጀምራል። ጠቃሚው መረጃ ለጥቂት ከተረፉ አደጋዎች ይገኛል፦ ማንንም ሳይመታ የወደቀ ብሎኬት፣ ሊናድ የነበረ ቁልል። እነዚህ የሚነገሩት ግን ተናጋሪው የማይቀጣ ከሆነ ብቻ ነው።

«የደኅንነት ሥርዓት ለትልልቅ ድርጅቶች ነው፤ ለትንሹ ትርፍ ወጪ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 45001 የተባለው ዓለም አቀፍ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት መስፈርት የሚከተለው መንገድ ማቀድ፣ መተግበር፣ መፈተሽና ማሻሻል ነው፤ ይህን ለማድረግ ምስክር ወረቀት መግዛት አያስፈልግም። ሃያ ሠራተኛ ያለው ሥራ ተቋራጭ በየሳምንቱ መጀመሪያ ከፎርማኑና ከሠራተኞቹ ተወካይ ጋር ሆኖ ሳይቱን ቢዞር፣ የሳምንቱን ሦስት አደገኛ ሥራዎች ቢለይ፣ ለእያንዳንዱ ኃላፊና ቀን ቢመድብ፣ በሳምንቱ መጨረሻም ተፈጽሞ እንደሆነ ቢያይ ሥርዓቱን ጀምሮታል ማለት ነው።

በሀገራችንም ቢሆን ጉዳዩ ለአሠሪው ፈቃድ የተተወ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ የደረሱ ጉዳቶችንም እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ ወይም ሰክሮ የመጣ እንደሆነ ኃላፊነቱ ሊቀር እንደሚችል አዋጁ ይገልጻል፤ ሆኖም መመሪያ ጽፎ የማያውቅ፣ ሠራተኞቹንም አሠልጥኖ የማያውቅ አሠሪ ይህን መከራከሪያ ይዞ ሲቀርብ ተጣሰ የሚለውን መመሪያ ማሳየት ይቸግረዋል።