መኪናው «በውክልና ነው» ሲሉዎት

ያገለገለ መኪና ሲፈልጉ ደላላው «ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) በሌላ ሰው ስም ነው፣ ግን ውክልና አለ፤ ችግር የለውም» ሊልዎት ይችላል። ችግርማ አለው። ውክልና ባለቤቱን ወክሎ የመሥራት ሥልጣን እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ውክልናውን የሰጠው ባለቤት ሊሽረው ይችላል። ከሞተም በመሠረቱ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳይዎ ከወራሾች ጋር ነው። መሸጥ የሚል ሥልጣን በግልጽ ካልተጻፈበት ደግሞ ባይቀበሉት ይሻላል።

ነገሩ ለሻጩም አያዋጣም። ስሙ ሳይዞር መኪናው ጉዳት ቢያደርስ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙ ሻጮች ድንገት ቀና ይሆናሉ።

ዋጋ ሲከራከሩ የስም ማዞሪያውን ወጪ ማን እንደሚችል አብረው ይቁረጡ። በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ ነው። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ፋይሉ ያለበት የተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ሄደው ዕዳና እገዳ ያጣሩ። ባንክ በብድር ይዞት ከሆነ እገዳው ሳይነሳ ስም አይዞርም። ዋናውን ገንዘብ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሲፈረም ይክፈሉ፣ በባንክ ቢሆን ይመረጣል።