ቦምብ ግላሴ ምንድን ነው? ቀልጦ ዳግም የረጋ አይስክሬም ቦምብ አይሆንም

የብርዱ ወራት በዓላት በቀረቡ ቁጥር ያው ምክር ይዞራል፦ አንድ ሁለት ሊትር አይስክሬም ግዙ፤ ጠረጴዛ ላይ እስኪቀልጥ ተዉት፤ ለውዝና ፍራፍሬ ጨምሩበት፤ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፤ በነጋታው ቦምብ ግላሴ አላችሁ። የላችሁም። ያላችሁ ቅርጹ ጉልላት የሆነ፣ ቢላ የማይገባው፣ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ በረዶ ነው። ለእንግዶቹ ብሎ ገንዘቡንና ቀኑን ያወጣ ሰው ያንን ቆርጦ ሲያቀርብ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል። ምክሩ ነው ያጠፋው።

ቦምብ ግላሴ በአንድ ፎርማ ውስጥ ሁለት ዓይነት አረጋግ የሚገናኙበት ጣፋጭ ነው። የውጩ ቅርፊት በማሽን እየዞረ የረጋ አይስክሬም ወይም ሶርቤ (ወተት የሌለው የፍራፍሬ አይስክሬም) ነው። ውስጡ ግን ማሽን አይነካውም፤ ፎርማው ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይረጋል። ይህ የውስጡ ክፍል ፓት አ ቦምብ የሚባለው ነው፤ የእንቁላል አስኳል በትኩስ የስኳር ሲሮፕ ተመትቶ፣ ከዚያ ከተመታ ክሬም ጋር የተዋሐደ አረፋ። ቅርፊቱን በስኒ፣ በጣሳ ወይም በአራት ማዕዘን ፎርማ ብታደርጉት ቅርጹ ይለወጥ እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ውስጡን ካስቀራችሁ ግን የቀረው በፎርማ የወጣ አይስክሬም ብቻ ነው። እሱም ጥሩ ጣፋጭ ሊሆን ይችላል፤ በስሙ ይጠራ።

ይህንን ያልኳቸው አንድ ሰው ያቀረቡት ክርክር መልስ ይገባዋል፤ ብዙዎች የሚያስቡት እሱን ነውና። «አይስክሬሙ ቢቀልጥም ወተቱ፣ ስኳሩ፣ ክሬሙ አልወጣም፤ ሲረጋ ወደነበረበት ይመለሳል» ነበር ያሉት። አይመለስም። የተነደፈ ጥጥን አስቡ። ጥጥ በደጋን ሲነደፍ ክብደት አይጨምርም፤ የሚጨምረው በቃጫው መካከል የሚገባው አየር ነው። ያንን የተነደፈ ጥጥ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ብታደርቁት አንድ ግራም አይጎድልበትም፤ ግን ተጨማትሮ ይቀራል፤ እንደገና ካልተነደፈ አይነሣም። አይስክሬምም እንዲሁ ነው። ማሽኑ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ አየር ያስገባል፣ ከቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ገና የሚፈጠረውን በረዶ እየፋቀ ቅንጣቱን ደቃቅ ያደርጋል። ሲቀልጥ አየሩ ይወጣል፣ ደቃቁ በረዶም ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ሳይነቃነቅ ቀስ ብሎ ሲረጋ ጥቂት ግን ትላልቅ ቅንጣቶች ይሠራል። የበረዶ ቅንጣት ወደ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ሲደርስና ሲያልፍ ምላስ ይለየዋል።

ማስረጃ ለሚፈልግ የሚዛን ነገር ይበቃል። አንዳንድ የሱቅ አይስክሬም ግማሽ መጠኑ አየር ነው፤ አንዱ ሊትር 500 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ያንን አቅልጣችሁ ብትለኩት ወደ ግማሽ ሊትር ተጠግቶ ይወርዳል። የጎደለው ያ አየር ነው፤ ፍሪዘር ደግሞ አየር አያስገባም። ለቅርፊቱ አይስክሬም ስትገዙም ይህንን አስቡ፤ በእጅ ሲይዙት የሚከብደው ይሻላል፤ ቀላሉ ሲጫኑት ይሟሽሻል፣ የገዛችሁት ሊትርም ፎርማው ላይ ሊትር አይሞላም።

የፓት አ ቦምብ ጥቅም እዚህ ላይ ይገባል። ማሽን ሳይኖር የሚረጋ ነገር አየሩን አስቀድሞ ይዞ መግባት አለበት። ወደ ጥጡ ስንመለስ፣ መምቻው ደጋኑ ነው፤ ቃጫው ደግሞ የአስኳሉ ፕሮቲንና የክሬሙ ስብ። ትኩሱ ሲሮፕ አስኳሉን በከፊል ያበስለዋል፤ የአረፋው ግድግዳ የሚጠነክረው በዚህ ነው። ስኳሩ ሌላ ሥራ አለው፦ የውሃውን የመርጊያ ሙቀት ዝቅ ስለሚያደርግ፣ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንኳ የተወሰነው ውሃ ሳይረጋ ይቆያል፤ ቢላ የሚገባውም ለዚህ ነው። «ጣፋጭ አልወድም» ብሎ ስኳሩን በግማሽ የሚቀንስ ሰው የቀነሰው ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ማለስለሻውንም ነው። ጣፋጩ ከበዛባችሁ የሎሚ ልጣጭ፣ መራራ ኮኮዋ ወይም ትንሽ ጨው ጨምሩ፤ ስኳሩን አትንኩት።

አሁን ልክ። 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የግማሽ ክብ ፎርማ 1.5 ሊትር ይይዛል። የቅርፊቱ ውፍረት 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለውስጡ የሚቀረው 720 ሚሊ ሊትር አይሞላም፤ ማለት ከግማሽ በላዩን ቅርፊቱ ወሰደው። 1.5 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉት ግን ቅርፊቱ 640 ገደማ ይፈልጋል፣ ውስጡም 880 ያገኛል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ብዙ ቦምብ «ውስጡ የት ሄደ?» የሚያሰኘው በእሷ ነው። 1.5 ላይ ቁሙ። ከዚያ ያነሰ እንደሆነ ደግሞ ፎርማው ሲወጣ ቅርፊቱ ይሳሳና ውስጡ ይታያል።

ፎርማው ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ቅዝቃዜንም ሙቀትንም ቶሎ ያስተላልፋል። ባዶውን ቢያንስ 1 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። አይስክሬሙን ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውጥታችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ የምትፈልጉት ማንኪያ ሲጫነው የሚታዘዝ ግን የማያብለጨልጭ አይስክሬም ነው። በቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ዳሩ ማብለጭለጭ ከጀመረ መቅለጥ ጀምሯል፤ መልሱት። በወፍራሙ እየቆረጣችሁ ፎርማው ላይ ለጥፉ፣ በማንኪያ ጀርባ ተጫኑ፣ ከዚያ ውጩ በምግብ ላስቲክ የተጠቀለለ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌላ ጎድጓዳ ሳህን መሐሉ ላይ ጫኑበት። ውፍረቱን እኩል የሚያደርገው ይህ ሁለተኛ ሳህን ነው፤ በዓይን ግምት የሚለጠፍ ቅርፊት ሁልጊዜ ከታች ይወፍራል፣ ከጎን ይሳሳል። 2 ሰዓት ይርጋ። ሳህኑን ለማውጣት ለብ ያለ ውሃ ለጥቂት ሴኮንድ ውስጡ ጨምራችሁ ድፉትና ጠምዝዛችሁ ሳቡት። ቀዳዳ ከቀረ በአይስክሬም ድፈኑ፣ ከዚያ ወደ ፍሪዘር መልሱ።

ለውስጡ 4 የእንቁላል አስኳል፣ 100 ግራም ስኳር፣ 40 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ስቡ 35 በመቶ ገደማ የሆነ 250 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ክሬም እና ትንሽ ጨው ይበቃል። የታችኛውን 1 ሴንቲ ሜትር ለስፖንጅ ኬክ ስለምትተዉ መሙላት ያለባችሁ 700 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ስኳሩንና ውሃውን ሳታማስሉ 118 ዲግሪ እስኪደርስ አፍሉ። አስኳሉ በዚያ ጊዜ በሚክሰር እየተመታ መንጣት ጀምሮ ይቆይ። ሲሮፑን በቀጭኑ፣ በሳህኑ ግድግዳና በመምቻው መካከል አፍስሱ፤ መምቻው ላይ ከፈሰሰ ተረጭቶ ግድግዳው ላይ ካራሜላ ይሆናል እንጂ አስኳሉ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ሳህኑ እስኪቀዘቅዝ ምቱ፤ 8 ወይም 10 ደቂቃ ነው። ብዙዎች የሚያቆሙት ለብ ሲል ነው፤ ለብ ያለ አረፋ ክሬሙን ያቀልጠዋል፣ ስትሞሉትም የቅርፊቱን ፊት ያቀልጣል፤ ያ ፊት ዳግም ሲረጋ በሁለቱ መካከል ቀጭን የበረዶ ሽፋን ይሠራል። ቁራጩ ሰሐን ላይ ሲቀመጥ ቅርፊቱ ከውስጡ ተላቅቆ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ክሬሙን ጫፉ እስኪታጠፍ ብቻ ምቱት። ጥጥ ከልክ በላይ ሲነደፍ ቃጫው እንደሚበጣጠስ፣ ክሬምም ሲያልፍበት ስቡ ተሰባስቦ ቅቤ ይሆናል፤ ያ ስብ ሲረጋ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። በጎማ ማማሰያ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ በሦስት ጊዜ አዋሕዱ።

ስለ እንቁላሉ ሳይጠየቅ መነገር ያለበት አለ። 118 ዲግሪ የሲሮፑ ሙቀት ነው፤ ትንሽ ሲሮፕ ቀዝቃዛ አስኳልና ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ሲፈስ ድብልቁ ሳልሞኔላን (ምግብ የሚመርዘውን ባክቴሪያ) ለመግደል ከሚበቃው ሙቀት በታች ሊቀር ይችላል። ማርጋት ደግሞ ሳልሞኔላን አይገድልም። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አዛውንት ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው በማዕዱ ካለ ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ እንዲሞት በልክ የሞቀ) አስኳል ተጠቀሙ፤ ወይም አስኳሉንና ሲሮፑን በሚንተከተክ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ውስጥ እየመታችሁ በቴርሞሜትር 82 ዲግሪ አድርሱት፣ ከዚያ አውርዳችሁ እስኪቀዘቅዝ ምቱ። ይህ አሠራር ትንሽ ከበድ ያለ አረፋ ይሰጣል፤ ለውጡ ዋጋ አለው።

ለበዓል የሚጨመረው ነገር ላይ ቁጥብ ሁኑ። አልኮል የመርጊያ ሙቀትን ከስኳር ይበልጥ ያወርዳል፤ ለዚህ ልክ 2 የሾርባ ማንኪያ ሮም ወይም ኮኛክ ጣሪያው ነው። ከዚያ ሲያልፍ መሐሉ አይረጋም፣ ቦምቡም ሲቆረጥ ይፈስሳል። ጥሬ እንጆሪ ወይም ብርቱካን በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለብቻው ጠንካራ በረዶ ይሆናል፤ በስኳር የተቀቀለ ፍራፍሬ ወይም ሮም ውስጥ ያደረ ዘቢብ ግን ለስላሳ ይቆያል (ዘቢቡ የያዘው ሮም ከላይ ካለው ልክ ይቀነስ)። ለውዙ ተቆልቶ፣ ቀዝቅዞ ይግባ። ወፍራም የቸኮሌት ቁራጭ ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ፈቅፍቃችሁ ጨምሩት።

ውስጡን ስትሞሉ ፎርማውን ጠረጴዛ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ መታ አድርጉት፤ አየር ይወጣ ብላችሁ ግን አትደብድቡት፤ መውጣት ያለበት ትልቁ ቀዳዳ ነው፣ አረፋው አይደለም። ስፖንጅ ኬኩን ክደኑበት፤ ሲገለበጥ ሰሐን ላይ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከዚያ ትዕግሥት። የተነደፈ ጥጥ ብርድ የሚከለክለው በያዘው አየር ነው፤ አረፋውም ፍሪዘሩ የሚልከውን ቅዝቃዜ እንዲሁ ይከለክላል። ከላይ ሲነኩት የደረቀ ቦምብ መሐሉ ገና ክሬም ሊሆን ይችላል። 8 ሰዓት ትንሹ ነው፤ አሳድሩት። ከሁለት ሳምንት በላይ ግን አታቆዩት፤ በተለይ በረዶውን ራሱ የሚያራግፍ ፍሪዘር ሙቀቱን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ ትንንሹ ቅንጣት እየቀለጠ በትልቁ ላይ ይደመራል።

ስሙ የሚጣበቅባቸው ሌሎችም አሉ። የፍሎረንሱ ዙኮቶ ጉልላት ነው፤ ፎርማውን የሚለብሰው ግን አልኮል የጠጣ ስፖንጅ ኬክ ነው። በሜሬንግ (ከስኳር ጋር በተመታ የእንቁላል ነጭ) ተሸፍኖ በ230 ዲግሪ ምድጃ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ የሚገባው የአላስካ ቦምብ ውስጡ እውነተኛ ቦምብ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ በዚያ ሙቀት የማይቀልጠው ሜሬንጉም አየር የያዘ አረፋ ስለሆነ ነው። ትኩስ ወተት ውስጥ የሚጣለው የቸኮሌት ኳስ ከዚህ ጉዳይ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ለማውጣት ሰሐኑን ቀድማችሁ አቀዝቅዙ። ፎርማውን ወደ 45 ዲግሪ በሚጠጋ ውሃ ውስጥ እስከ ዳሩ ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ንከሩ፣ አድርቁ፣ ገልብጡ። ካልወጣ 5 ሴኮንድ ጨምሩ፤ በቢላ አትፈልቅቁት፣ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። የወጣው ፊቱ እርጥብ ይሆናል፤ 20 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ መልሱትና ይደርቅ፤ ማስጌጫው ከዚያ በኋላ ይምጣ። እንግዶቹ ሊቀመጡ ሲሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ወደ ፍሪጅ አውርዱት። የሚቆረጠው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ቢላው ረጅምና ቀጭን ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጥረጉትና ከጫፍ እስከ ታች አንድ ጊዜ ተጭናችሁ አውርዱት፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ነክራችሁ ጥረጉ፣ አለዚያ የቅርፊቱ ቀለም በውስጡ ላይ ይጎተታል።