የድሬዳዋ የጋራ ጎመን መደቦች፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በድሬዳዋ የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ወይም የአንድ ማኅበር አባላት አነስተኛ ቦታ በጋራ ይዘው ቆስጣ፣ ሐበሻ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ድንብላልና ሌላ ቅጠላ ቅጠል ያለማሉ። ከሚደርሰው ላይ መጀመሪያ ለየቤታቸው ይወስዳሉ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ይሸጣሉ። ቦታው የትምህርት ቤት ግቢ ጥግ፣ ያልተገነባበት ባዶ መሬት ወይም የአሸዋማ ወንዝ ዳርቻ ሊሆን ይችላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሞቃትና ደረቅ ሜዳ የተቀመጠች ስለሆነች ጎመን የደጋ ነገር ነው፣ ለድሬ አይሆንም የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ልክ አይደለም። ወቅቱ ከተጠበቀና ውኃው በዘዴ ከተያዘ የድሬ ቆስጣ የማንንም ያህል ያምራል።

ታሪክ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ጣቢያው ግርጌው ላይ ቀረ፤ ከተማዋም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ከዚያ ጀምሮ የከተማዋ ጎመን በአብዛኛው ከላይ የሚወርድ ነው። ከሐረማያና ከአካባቢው ደጋ የሚሰበሰበው አትክልት በደንገጎ ቁልቁለት ወርዶ ከፊሉ ቀፊራ ገበያ ይራገፋል፣ ከፊሉ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ ያልፋል።

በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ። የዛሬዎቹ መደቦች በፈቃድ እንጂ በባለቤትነት የማይያዙት ከዚሁ የተነሣ ነው።

በእርሻው ዕውቀት በኩል ትልቁ ድርሻ የሐረማያ ነው። በ1940ዎቹ በአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ፣ የኋላው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንም ለቆላው የሚሆነውን የሚሞክርበት ቶኒ እርሻ የተባለ ጣቢያ እዚሁ ድሬዳዋ አለው። ተቋሙ የምሥራቁን አርሶ አደር ሲያስተምር ኖሯል።

የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መድረቁ ለአካባቢው ሁሉ ትምህርት ሆኗል። ለአትክልትና ለጫት መስኖ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥም ጭምር ያለ ልክ መሳቡ እንደ ዋና ምክንያት ይጠቀሳል፤ ደለልና የአየር ንብረትም አስተዋጽኦ እንዳላቸው ይነገራል። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውኃ ይዟል።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ዳርቻው ለመደብ ያጓጓል። ሆኖም ክረምት ሲገባ እዚያ ላይ ሰብል ቀርቶ አካፋ እንኳ መተው አይገባም።

በ2009 ዓ.ም. የከተማ ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋና ሐረር ሁለቱም ተካተቱ። ከማኅበረሰብ ሥራዎቹ መካከል ጽዳት፣ አረንጓዴ ልማትና የከተማ ግብርና ስለነበሩበት ድሃ ቤተሰቦች፣ በተለይም ሴቶች፣ በቡድን ሆነው መሬት መቆፈር የለመዱበት ጊዜ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በየግቢው ማልማትን በይፋ አበረታቷል።

አለማመድ

ዋናው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ከሚያዝያ በኋላ ሙቀቱ ስለሚበረታ ሰላጣ ቶሎ አገዳ አውጥቶ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመርራል። ቆስጣ ግን ይችላል። ቀትር ላይ ቢጠወልግም ማታ ይነሣል፤ ጆንያ ተወጥሮ ጥላ ከተሠራለት ደግሞ እስከ ሰኔ ይሰጣል። ሽፈራው ሙቀቱን ስለሚወደው በመደቡ ጠርዝ ተተክሎ አጥርም ወጥም ይሆናል።

ውኃው የሚመጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች ለከተማዋ ዋና ምንጭ ሆነው ኖረዋል። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውኃው ከባድ ነው፤ በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክሩ ነው። መደብ ላይ ደግሞ በሌላ መልክ ይታያል። የአዲሱ ቅጠል ሥጋ ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ከቀረ፣ ተክሉ ብረት ማግኘት አቅቶታል ማለት ነው። መድኃኒቱ የበሰበሰ ፍግና ኮምፖስት ነው። ለዚህ ድሬ የራሷ ሀብት አላት፦ ፍየል ያልጨረሰው የጫት ገራባ (ከተቃመ በኋላ የሚጣለው ቅጠልና ግንድ) በየሰፈሩ ይከመራል፣ ከፍግ ጋር ተደርቦ ሲበሰብስም አሸዋውን ያለሰልሳል። ጫት ላይ የሚረጨው መድኃኒት ስለሚያሰጋ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ባይገባ ይመረጣል።

በብዙ ማሠልጠኛ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ከፍ ያለ መደብ ለድሬ አይሆንም። እዚህ የሚሻለው በተቃራኒው ከመሬቱ ትንሽ ጎድጎድ ያለው ነው፤ ውኃ ይይዛል፣ ነፋስም አያደርቀውም። ከፍ ያለው የሚጠቅመው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ብቻ ነው። መደቡ ማለዳ ወይም ማታ ውኃ ይጠጣል፤ በየቀኑ ላዩን ከማርጠብ ቀን ዘልሎ ሥሩ ድረስ ማጠጣት ይበልጣል፤ አለዚያ ጨው ከላይ ይቀራል።

በደረቁ ወራት የሐበሻ ጎመን ጠላት ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፤ የቅጠሉን ጀርባ ይሸፍንና ያጨማድደዋል። በከዚራ ሰፈር ጎዳናዎች ጥላ የሚሰጠው የኒም ዛፍ ለዚህም ያገለግላል። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ያድራል፣ ተጠልሎ ጥቂት ሳሙና ይጨመርበትና ፀሐይ ጉልበቱን ስለምትቀንሰው ማታ ይረጫል። ለፍየል ግን ከእሾህ አጥር ሌላ መላ የለም።

አለቃቀምና አመጋገብ

ቆስጣ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ለለቀማ ይደርሳል። የዳር ቅጠሎቹ ከግርጌያቸው ወደ ጎን ጠምዘዝ ተደርገው ይገነጠላሉ፤ መሀል ያሉት አራት አምስት ለጋዎች አይነኩም። በዚህ መንገድ አንድ እግር ለወራት ይለቀማል፤ ጥቂት መደብ ለብዙ ቤት የሚበቃውም በዚህ ነው። ለቀማው ፀሐይ ሳትወጣ ያልቃል። እስሩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ካልተቀመጠ ረፋድ ላይ ይሞታል። ከደጋ በመኪና የመጣው ቅጠል የመደቡን የማይተካከለውም በዚሁ ሙቀት ነው።

ፍላጎቱ የሚንረው በጾም ነው። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት በቀናት ልዩነት ተከታትለው ገብተዋል። በአንዱ ቤት ጎመን በዘይት፣ በሌላው ለማፍጠሪያ የሚቀርበው ሾርባ ላይ የድንብላል ቅጠል ስለሚፈለግ መደቡ ሁለቱንም ማቅረብ ነበረበት። ድንብላል ለቅጠል የሚደርሰው ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ስለሆነ በጥር መጀመሪያ የዘራ ይደርስለታል። የተረፈው ጎመን ከእንጀራ ሌላ ሩዝ ላይም ይበላል። ሲበስል ውኃው ተጨምቆ ባይደፋ ይሻላል፤ ቫይታሚኑ አብሮ ይሄዳል።

በጥሬው የሚበላውን በተመለከተ ማመቻመች አይገባም። ከከተማ ፍሳሽ ጋር በተቀላቀለ ውኃ የለማ ሰላጣ የጥገኛ ትል እንቁላል ይይዛል፣ በማጠብም ሙሉ በሙሉ አይጠራም። እንዲህ ያለ ውኃ ብቻ ያለው መደብ ሰላጣን ትቶ በስሎ የሚበላ ጎመን ያልማ።

ዘር

ሐበሻ ጎመን እዚሁ አብቦ ዘር ይሰጣል። ጥቂት ጠንካራ እግሮች ሳይለቀሙ ይተዉና የዘር ከረጢቱ ሲደርቅ ተወቅጦ ለከርሞ ይቀመጣል። ቆስጣ ግን ለማበብ ረዘም ያለ ብርድ ስለሚፈልግ በድሬ ሙቀት ዘር አይጥልም፤ ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል። አባላቱ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ጣሳ ዘር ይገዙና በችግኝ ማፍያው ላይ በጋራ ይዘሩታል፤ ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ በየድርሻቸው ይከፋፈሉታል።